እትዬ ደብሪቱ ዝናብ ሲጠብቁ

እትዬ ደብሪቱ ማረፋቸውን የነገረችኝ ሰቆጣ ሳለሁ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ስልኩ በደንብ አይሰማም ነበር። ከድምፅዋ ጀርባ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይጮኻል።

«ትናንት ቀበርናቸው» አለችኝ። «መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ስለነበር ለቆፋሪዎቹ አልከበዳቸውም።»

«ሲሳይስ?» አልኳት። ሲሳይ አንድ ልጃቸው ነው።

«አልደረሰም። ክረምት አይደል፣ ባሕር ላይ ነው። ስልክ ተደውሎለታል አሉ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ባለሁበት ከተማ የዚያን ቀን ፀሐይ ነበር፤ መንገዱ ደርቆ አቧራ ይነሳል። የዝናቡ ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ማልቀስ ሲገባኝ እንደ እንቅልፍ ያለ ነገር መጣብኝ። እትዬ ደብሪቱን ሳስብ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ፤ ሄጄበት የማላውቀው ባሕር ፊቴ ላይ ተዘርግቶ ይታየኛል።

ሰቆጣ የተመደብኩት በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፣ በአንደኛ ደረጃ መምህርነት። ቤት ሳፈላልግ ከከተማው ታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት አንድ ክፍል ያከራያሉ ተባልኩ። የሄድኩ ቀን ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከአጥሩ ፊት ለፊት ቀይ ጎርፍ በቦዩ ይወርዳል። አንዲት ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነጠላቸውን አገልድመው ጎርፉ ዳር ቁጢጥ ብለዋል። ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና ወደ ምላሳቸው ወሰዱት። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቀና ሲሉ አዩኝ፤ ምንም አላፈሩም።

«ጨው የለበትም» አሉኝ። «ግቢ ልጄ፣ እግርሽን ታጠቢ።»

ጤንነታቸውን ተጠራጠርኩ። ጎረቤቶቹን ብጠይቅ «ሱዳን ደርሳ የመጣች ናት» ይሉኛል፤ ይህን ካሉ በኋላ ሌላ የሚያስረዱት አይኖርም።

ታሪካቸውን በአንድ ጊዜ አልነገሩኝም። በክረምት አመሻሽ፣ ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ ግቢውን ሲሞላው፣ በር ላይ ተቀምጠው ገብስ እየለቀሙ ቆንጠር ቆንጠር አድርገው ያወሩኛል። አማርኛቸው የአገሩ አገውኛ የኽምጣና ዜማ ነበረው፤ መሃል መሃሉ ላይ ዐረብኛ ጣል ያደርጉበታል። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከባላቸውና ከትንሹ ሲሳይ ጋር በእግራቸው ሱዳን ገቡ። መጠለያ ጣቢያ ከከረሙ በኋላ ባላቸው ሥራ ፍለጋ በጭነት መኪና ወደ ቀይ ባሕር ዳር ሄደ፤ እሳቸውም ልጃቸውን አዝለው ተከተሉት። ባርካ የሚባለው ወንዝ ከኤርትራ ደጋ ወርዶ ባሕር የሚገባበት አካባቢ ነው። ባላቸው ጀልባ ላይ ተቀጠረ። እሳቸው ዳር ላይ መረቡ ያወጣውን ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ተቀላቀሉ። የሚለቅሙት ደግሞ ዓሣ አልነበረም፤ ሽሪምፕ የሚሉትን፣ እዚያ ጀምበሪ የሚባለውን ነው።

«ምን ይመስላል?» አልኳቸው።

«አንበጣ አይተሻል? የባሕር አንበጣ በይው። ጢም አለው፣ እግሩ ብዙ ነው፣ ጀርባው ይጎብጣል። በሕይወቱ ሳለ ሰውነቱ እንደ መስተዋት ነው፤ መዳፍሽ ላይ ብታስቀምጪው መዳፍሽን ታዪበታለሽ። ሲበስል ይቀላል።»

«በልተውት ያውቃሉ?»

«እጄ ነክቶታል» አሉ፣ ከገብሱ ላይ ቀና ሳይሉ። «የንስሐ አባቴም ጠይቀውኝ እንዲሁ ነው የመለስኩላቸው።» ከዚያ ለብቻቸው ፈገግ አሉ። እኔም ደግሜ አልጠየቅኳቸውም።

ባርካ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው አሉኝ። ግመል ይሄድበታል። ሐምሌና ነሐሴ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን አንድ ቀን ከሩቅ እንደ መኪና የሚያጓራ ነገር ይሰማል፤ ሰው ወደ ዳር ይሸሻል፤ ቀዩ ውሃ ግንድና የሞተ ፍየል ተሸክሞ ይደርሳል። ባሕሩን ሲያገኘው ወዲያው አይቀላቀልም። ቀዩና ሰማያዊው ጎን ለጎን ተኝተው ይውላሉ። ዳር ዳሩን ሥራቸውን ጨው ውሃ ውስጥ ተክለው የሚኖሩ ዛፎች አሉ፤ ጀምበሪው ከገብስ ፍሬ ሳይበልጥ እነዚያ ሥሮች መሃል ገብቶ ያድጋል። ጎርፉ ያመጣው አፈር ይመግበዋል። የወንዙ ውሃ ጨዉን ሲያለዝበው ደግሞ ያደገው ከሥሮቹ መሃል ወጥቶ ወደ ጥልቁ ይጓዛል። መረብ የሚሞላው ያኔ ነው።

«እኛ ሴቶቹ ማለዳ ማለዳ ውሃውን እንቀምሳለን» አሉኝ። «ጨዉ ከበረታ ወንዶቹ ይተኛሉ። ለስለስ ካለ ጀልባ ይገፋል። ምላሴ ለመደ፣ ምን ላድርግ።»

ባላቸው እዚያው በንዳድ ሞተ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ሰቆጣ የቀሩት እናታቸው ዓይናቸው መጥፋቱን ሰሙና ለመመለስ ተነሱ። ሲሳይ ያኔ ጢሙ ገና ያቀመቀመ ጎረምሳ ነው፤ በአባቱ ቦታ ጀልባው ላይ ገብቷል። አልሄድም አለ። ሰቆጣን አያስታውሳትም። ባሕሩን ነው የሚያውቀው። «አንድ ጥሩ ክረምት ይምጣ፣ መረቡ ይሙላልኝ፣ እከተልሻለሁ» አላቸው። እሳቸውም አመኑት። መጥተው እናታቸውን ጦረው ቀበሩ፣ ቁራሽ መሬት ደረሳቸው፣ ያንን ጥሩ ክረምት መጠበቅ ጀመሩ።

ስለዚህ እትዬ ደብሪቱ ዝናብ የሚጠብቁት እንደ ሌላው ገበሬ ለማሳቸው ብቻ አልነበረም። ዝናብ ከዘነበ ጎርፉ ባሕር ይደርሳል፤ ጎርፉ ከደረሰ ጀምበሪው ይበዛል፤ ጀምበሪው ከበዛ ሲሳይ ይመጣል። ነጎድጓድ ሲሰማ የያዙትን አስቀምጠው ወደ አጥሩ በር ይወጡና በስተሰሜን ያለውን ሰማይ ያያሉ። ሰማዩ የጠቆረ እንደሆነ ፊታቸው ይበራል። አንድ ክረምት ሙሉ ከኋላቸው ሆኜ ሳያቸው ቆየሁ፤ በሚቀጥለው ክረምት እኔም አብሬያቸው መውጣት ጀመርኩ።

አንድ ማለዳ ከክፍሌ ስወጣ ገደሉ በሙሉ ጉም ሞልቶት ነበር። ማዶ ያሉት ተራሮች ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ቀርቶ ነጩ ነገር ውስጥ ተንሳፍፈዋል። ፀሐይዋ ስትወጣ ጉሙ ላዩ ወርቅማ ሆነና ቀስ እያለ መተንፈስ ጀመረ። እትዬ ደብሪቱ ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም፣ አጠገቤ ናቸው።

«ይኸው» አሉኝ በዝግታ። «ባሕር ሲነጋ እንዲህ ነው።»

ከዚያ በኋላ ባሕርን በሕልሜ ሳየው ሁልጊዜ ነጭ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ዳሩ ላይ የዋግ ተራሮች አሉ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት የግድግዳ ካርታ ተውሼ መጣሁና አልጋዬ ላይ ዘረጋሁላቸው። ባርካን አሳየኋቸው። በጣታቸው ተከትለውት ባሕሩ ላይ ሲደርሱ መዳፋቸውን እዚያው አሳረፉት፣ የሰው ትከሻ ላይ እንደሚያሳርፉት አድርገው።

«የኛስ ውሃ በየት በኩል ነው ባርካን የሚያገኘው?»

«አያገኘውም፣ እትዬ። የኛ ወደ ተከዜ ነው የሚወርደው። ከተከዜ ዐትባራ፣ ከዐትባራ ዐባይ፣ ከዚያ በግብፅ አድርጎ ሌላ ባሕር ይገባል። ክረምቱ ግን አንድ ነው። እዚህ ሲያስገመግም ብዙ ጊዜ እዚያም ደጋው ላይ ያስገመግማል።»

መዳፋቸውን ከካርታው ላይ አነሱ። ያዘኑ መስሎኝ ካርታውን ልጠቀልለው ስል እጄን ያዙኝ። ጣታቸውን ሰቆጣ ላይ አደረጉና ተከዜን ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ በረሃውን ሁሉ አቋርጠው ግብፅ ድረስ ወሰዱት።

«እንግዲያ እዚህም የወንዙ አፍ ላይ የሰው ልጅ ውሃ ይጠብቃል» አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ዝናብ ሲጸልዩ «ለኔም ልጅ፣ ለሰውም ልጅ» የምትል ነገር ጨመሩ።

የሲሳይ ካሴት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ገዳሪፍ ሰሊጥ አጭዶ የተመለሰ የጽጽቃ ሰው ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበል ደርሶት አመጣልን። ቴፕ ያለኝ እኔ ስለነበርኩ እትዬ ደብሪቱ ክፍሌ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ። ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ደጋግሞ ይወድቃል፣ ይሳባል።

«ማዕበሉ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።

ከዚያ የወንድ ድምፅ መጣ፤ ኽምጣናው ተሰባብሮ በዐረብኛ ተጠጋግኗል። እየሰሙ ይተረጉሙልኛል። ያለፈው ጎርፍ ዘግይቶ እንደነበር፣ ሲመጣ ደግሞ የክረምቱን ሁሉ በአንድ ቀን ይዞ እንደመጣ ተናገረ። ጭቃው የዛፎቹን ሥር ቀበረ። ትንንሾቹን ጀምበሪዎች ሳያድጉ ጠርጎ ባሕሩ ላይ በተናቸው። መረቦቹ ግንድ ይዘው ተቀደዱ። «ሽማግሌዎቹ ዝናቡ መንገዱ ጠፋበት ይላሉ» አለ። «ዘንድሮ የምመጣበት የለኝም፣ እማ። የሚመጣው ይሻል ይሆናል።» ከዚያ ነፋሱ ብቻ ተሰማ። «እዚያስ ይዘንባል?» ብሎ ጠየቀ፤ ካሴቱ እዚያ ላይ አለቀ።

እትዬ ደብሪቱ «ልመልስለት» አሉ። ካሴቱን ገለበጥኩና መቅጃውን ተጫንኩ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። አቆምኩትና እንደገና ጀመርን። አሁንም ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። በዚህ መሃል ውጭ ማካፋት ጀመረ፣ ከማካፋት አልፎ መውረድ ጀመረ።

«አምጪው» አሉኝ። ቴፑን ተቀብለውኝ ወጥተው ከጣሪያው ጠርዝ ስር ቆሙ። ነጠላቸውን ከላዩ ከልለው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ያዙት። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው፣ በርሜሉ ውስጥ የሚንዶቆዶቀው፣ ገደሉ ስር ወንዙ የሚያጓራው፣ ሁሉ ገባ። ካሴቱ አልቆ ቀጭ ሲል ነው የተመለሱት። ብርድ ያንቀጠቅጣቸዋል።

«ያለውን ነገርኩት» አሉ።

ካሴቱ ከሄደ በኋላ ወሬ ጠፋ። የኤርትራ ጦርነት መጣ፤ የሚመጣና የሚሄድ ሰው አነሰ። ክረምቱም እየከፋ ሄደ። በልግ የሚባለውን ሰው ተስፋ ማድረጉን ተወ። ሐምሌ በደረቁ ይገባል፤ ነሐሴ ላይ አንድ ሳምንት እንደ እብድ ይወርድና አፈሩን ገፎ ይሄዳል። «ድሮ ዝናብ እንደ እንግዳ ነበር፣ ሰላም ብሎ ገብቶ ተሰናብቶ ይወጣል። አሁን እንደ ሽፍታ ሆነ» ይሉ ነበር እትዬ ደብሪቱ። በሩ ላይ መቆማቸውን ግን አልተዉም።

ቀጥሎ ያ መጥፎው ክረምት መጣ። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ ሐምሌ አለቀ። ገብሱ ከመሬት ቀና ሳይል ቢጫ ሆነ። ከአበርገሌ ከብት የሚነዱ ሰዎች በከተማው በኩል ሲያልፉ ከብቱ አይጮኽም፣ ሰዎቹም አያወሩም። ትምህርት ቤት ሲከፈት ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ አልመጡም። አንድ ቀን እትዬ ደብሪቱ በሩ ላይ ቆመው ሳለ «ልጄ አሁን አይመጣም» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ልቅሶ አልነበረም። ወደ ቤት ገቡና ገብስ የሚለቅሙበትን ባዶ ሰፌድ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

በኅዳር ወር ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥሩ በር ላይ አንድ ቀጭን ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ቆዳው ተቃጥሎ ዓይኑ ጭፍን ጭፍን ይላል፣ ከሩቅ ብርሃን ሲያይ እንደኖረ ሰው። እጁ በጠባሳ ተዥጎርጉሯል።

«የደብሪቱ ቤት?» አለኝ።

ማንነቱን ከመጠየቄ በፊት ካሴቱ ላይ በሰማሁት ድምፁ አወቅኩት። እትዬ ደብሪቱ የእርዳታ ስንዴ ሊቀበሉ ሄደው ነበር። ጥቂት ቆይተው ስንዴውን አዝለው፣ አጎንብሰው ዳገቱን ሲመጡ አየናቸው። እሱ ተነስቶ ቆመ። እሳቸው አጠገባችን ሲደርሱ መጀመሪያ እግሩን አዩ፣ ከዚያ ቀና አሉ። ስንዴውን ቀስ ብለው ከጀርባቸው አወረዱ። አልጮኹም። አንገቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ፀጉሩን አሸተቱት።

«ጨው ጨው ትላለህ» አሉት።

በማግሥቱ የሆነውን ነገረን። ባርካ ሁለት ክረምት ባሕር አልደረሰም፤ አሸዋው ውስጥ ሰምጦ ቀርቷል። ዛፎቹ መሃል ያለው ውሃ ጨዉ በረታበት፣ ዛፎቹም ከዳር ጀምረው መድረቅ ያዙ። መረብ ሲጎተት የሚወጣው ለመልቀም የማይበቃ ደቃቅ ነገር ነው። ጀልባዎቹ ደረቅ ላይ ተጎትተው ቀሩ፤ ሰዎቹ ወደ ከተማ ተበተኑ። «መሄጃ ሳጣ መጣሁ» አለ፣ እንደማፈር ብሎ። ከዚያ እናቱን ቀና ብሎ አያቸው። «ዝናቡን ሰምቼዋለሁ። ካሴቱን ጀልባው ላይ ከፍቼው ሽማግሌዎቹም ሰሙት። ሞተሩን አጥፉት አሉ፣ ደህና አድርገን እንድንሰማው።»

በኋላ ብቻችንን ስንሆን እትዬ ደብሪቱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ልጄ እንዲመጣ ብዬ ዝናብ ለመንኩ» አሉኝ። «ያመጣው ግን ድርቁ ነው። እግዜር ሰማኝ ልበል፣ አልሰማኝም ልበል?»

ነጠላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«ደስ አለኝ ማለት ደግሞ ያሳፍረኛል። ሰው በተራበበት ዓመት።»

እውነትም ያን በጋ ደስታቸውን ደብቀው ነው የኖሩት። ብቻቸውን ሲሆኑ በኽምጣና ያንጎራጉራሉ፤ ሰው በአጥሩ ሲያልፍ ዝም ይላሉ።

ለሲሳይ አገሩ አልሆነለትም። ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ይቆረጣል፤ ብርዱ ያመዋል። ቢሆንም እንደ ሌላው ሰው እህል ለማግኘት ድንጋይ ተሸክሞ እርከን ይሠራ ነበር። አንድ ሰሞን በኒሯቅ በኩል ተከዜ ወርዶ ዓሣ አጥምዶ መጣ። እናቱ እንደ ባሕሩ ዳር ጊዜያቸው ዘልዝለው ጨው ነስንሰው አደረቁት፤ ሰፈሩ በጾም በላው።

«ተከዜ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን የሚያልፍ ውሃ ነው። እኔ የማውቀው የሚደርስ ውሃ ነው።»

ከፋሲካ በኋላ እትዬ ደብሪቱ ልጃቸውን ሊድሩ ተነሱ። ያሰቧት ልጅ ጥሩ ትባላለች፤ የጎረቤታችን የአያ ገላው ልጅ ናት። አያ ገላው ኮስታራ ገበሬ ናቸው። በዚያ ከብት ባለቀበት ዓመት ሁለት በሬዎቻቸውን ከሰው ጋር ከጣሪያ ስር እያሳደሩ፣ የጣሪያ ሣር ሳይቀር እያበሉ አትርፈዋል። በሬ የሌላቸውን የእትዬ ደብሪቱንም ማሳ በየዓመቱ የሚያርሱት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ሠርጉ ከመኸር በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ሲሳይ ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ጥሩን በመንገድ ሲያገኛት መሬት መሬት ያያል፤ እሷም እንደዚያው።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ዘነበ። እንደ ድሮው ዝናብ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሰላም ብሎ ገባ፣ ሲመሽ ተሰናበተ፣ በማግሥቱ ተመለሰ። ሰው ውጭ ወጥቶ እየበሰበሰ ይሳሳቃል። ሲሳይ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላለት አለ። የያዘውን ዶማ ያስቀምጥና ወደ ሰሜን ዞሮ ይቆማል። አንድ ማለዳ አጥሩ ጋ አገኘሁት።

«አሁን ባርካ ወርዷል» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። «አሸዋው መጀመሪያ ይጠጣል። ሲጠግብ ያሳልፈዋል። ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፣ ጀልባ ይጠግናሉ።»

ዞር ስል እትዬ ደብሪቱ በራቸው ላይ ቆመዋል። ሰምተውታል። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ስም ልሰጠው አልችልም፤ ከእንቅልፍ እንደተቀሰቀሰ ሰው ነበሩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ «አብረሽኝ ነይ» አሉኝና አያ ገላው ቤት ሄድን። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ሞፈር እየጠረቡ ነበር። እትዬ ደብሪቱ አልቀመጥም አሉ።

«አያ ገላው፣ ቃሌን ልመልስ መጣሁ።»

መጥረቢያው ቆመ። «ልጄ ምን ጎደላት?»

«ምንም። እንደሷ ያለች አላገኝም።»

«ልጅሽስ ምን ሆነ?»

«ልጄ ቢያገባትም ክረምት በገባ ቁጥር ይሄዳል። ልቡ እዚያ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ያረጀሁት ይበቃል። የእርስዎን ልጅ ከጎኔ አላቆማትም።»

አያ ገላው ሞፈሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ሰው ምን ይላል፣ ደብሪቱ?»

«በኔ ይበል።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩን። ስንወጣ መጥረቢያው እንደገና ጀመረ፣ ከቅድሙ ጠንከር ብሎ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ቦኖ ውሃው ጋ ደረሰ። የሰው ልጅ አዋረደች ተባለ። ልጇን በገዛ እጇ ልታባርር ነው፣ ሱዳን ያዞራት አልለቃትም ተባለ። እትዬ ደብሪቱ እንስራቸውን ሞልተው ሴቶቹን እንደ ወትሮው ሰላም ብለው ተመለሱ። ሲሳይ ግቢ ውስጥ እንጨት ይፈልጥ ነበር።

«ልብስህን ሰብስብ» አሉት።

«እማ፣ ሠርጉ እኮ...»

«ሠርጉን እኔ ጨርሻለሁ። ዘንቧል፤ ሂድ።»

መጥረቢያውን እንደያዘ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። እሳቸው አላለቀሱም። ገብተው ቆሎ መቁላት ጀመሩ።

በወልድያ ዞሮ፣ በጎንደር አድርጎ መተማ እስኪደርስ የሚበላውን በሁለት ከረጢት ቋጠሩለት። ማር በጠርሙስ ጨመሩ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ክንዱን ያዙት።

«ባሕሩ ሲሞላልህ ብቻ አይደለም» አሉት። «ባዶም ሲሆን ና። ባዶ እጅህንም ና። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ፣ እማ።»

ቃሉንም ጠብቋል። ከዚያ ወዲህ እኔ እዚያ ሳለሁም፣ ከለቀቅኩ በኋላም ሲመጣ ሲሄድ ኖሯል፤ አንዱን ዓመት ለእናቱ የዐረብ አገር ጋቢ ተሸክሞ፣ አንዱን ዓመት ከለበሰው በቀር ምንም ሳይዝ። ያን ዕለት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላ እትዬ ደብሪቱ በጭቃው ፈጠን ፈጠን እያሉ ተመለሱና ቤት ሳይገቡ ዶማ አንስተው ወደ ማሳቸው ወረዱ። የሰው ማሳ ሁሉ ታርሷል። የሳቸው እንዳለ ነው፤ አያ ገላው አልመጡም፣ ሌላም ሰው አይመጣም። መሬቱን በዶማ መቆፈር ጀመሩ።

ሌላ ዶማ ይዤ አጠገባቸው ቆምኩ። እስኪመሽ ቆፈርን። እጄ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ። ቀና ብዬ ሳይ የቆፈርነው ለአልጋ የሚበቃ መሬት አይሆንም። እሳቸው አላዩትም፤ ወይም አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ዝናቡ ሲጀምር ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው «ነገ ደግሞ» አሉኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ስንወርድ ጉሙ ገና አልተነሳም ነበር። ማሳው አጠገብ ስንደርስ የጅራፍ ድምፅ ሰማን። ቀጥሎ በሬዎቹ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ፤ ጎድናቸው የሚቆጠር፣ ከትንፋሻቸው እንፋሎት የሚወጣ። ከኋላቸው አያ ገላው እርፉን ጨብጠው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ይመጣሉ። ከማሳው ብዙውን አርሰውታል። እትዬ ደብሪቱ ባሉበት ቆሙ። ዶማው ከትከሻቸው ወረደ።

አያ ገላው ሰላምታም አልሰጡ። በሬዎቹን ዳር ላይ አዙረው ካቆሟቸው በኋላ ፊታቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«ዘሩ የት አለ?» አሉ። «ዝናቡ እኛን አይጠብቅም።»

«ቤት ነው» አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ዳገቱን ሮጡ። እትዬ ደብሪቱን ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።